የአውሬዎች ንግግርና የባለሙያ ቃል

(በልደታ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ይህ ንግግር የሚደረግበት የልደታ ሠፈር ለሁለት ዓይነት ቃል መኖሪያ ነው። በአንድ ወገን ባለጉዳይ አቤቱታውን በግልጽ የሚያሰማበት ፍርድ ቤት አለ። በሌላው ወገን በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ይገኛል። በፍርድ ቤቱ የተነገረው ይመዘገባል፤ በኮሌጁ የተሳለው ይለካል። የዛሬው ርእስ ግን የማይመዘገብና የማይለካ ስለሚመስል ሦስተኛ ቃል ነው፤ ይኸውም በእንስሳ አፍ ስለሚነገር የፖለቲካ ትችት።

ይህ ጥበብ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ሰምና ወርቅን የለመደ ሕዝብ፣ ስለ ጅብና ስለ አህያ ሲነገረው ስለ ማን እንደሚነገር መጠየቁ አይቀርም። ሆኖም ተረቱን ከምድጃ ዳር አንሥተው ወደ መድረክ ያወጡት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1876 ዓ.ም. የተወለዱት እኚህ ሰው በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው በሚካይሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ሠለጠኑ፤ በኋላም በአውሮፓ የእርሻ ሙያ ተማሩ። እንግዲህ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት ደራሲ የቴክኒክ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ተውኔታቸው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመኳንንት ፊት ታየ። ተውኔቱ የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርጎ፣ በጊዜው የነበረውን የመንግሥት አሠራር ብልሹነት በአውሬዎች አምሳል ይተች ነበር። ተመልካቹ ወርቁን ለማግኘት አልተቸገረም። በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ተውኔቱ ታገደ፤ የቴአትር ሥራም ለዓመታት ተዳፈነ።

ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል። ብዙ ጊዜ ተረት የተናጋሪው መከላከያ ጋሻ ነው ሲባል ይሰማል። የፋቡላ ታሪክ ግን ይህን አያረጋግጥም። አንበሳው አንበሳ ብቻ አለመሆኑ ካልታወቀ ተውኔቱ ከንቱ ነው፤ ከታወቀ ደግሞ ጋሻው ወድቋል። ስለዚህ የተረቱ ጥቅም ተናጋሪውን መሸሸጉ ሳይሆን፣ አድማጩ በቀጥታ ቢነገረው የማይሰማውን ነገር እየሳቀ እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ማድረጉ ነው።

መድረኩ ወደ ፊልም፣ ፊልሙም ወደ ቴሌቪዥን ሲለወጥ ይኸው ጥበብ በካርቱን ሥዕል ተገለጸ። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎችን ያሳልፋል፤ በአንድ ደቂቃ 1,440 ይሆናል። በካርቱን ፊልም ውስጥ ከነዚህ ምስሎች አንዱም በአጋጣሚ የገባ አይደለም፤ ሁሉም ታስቦበት የተሳለ ነው። ሥራው ብዙ እጅና ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅም፣ የከፋዩ ፈቃድ በሥዕሉ ላይ ያርፋል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የእንግሊዛዊው ደራሲ የጆርጅ ኦርዌል የእንስሳት እርሻ ታሪክ ነው። መጽሐፉ በ1945 እ.ኤ.አ. ሲታተም የሚደመደመው አሳማዎቹን ከሰዎቹ ለመለየት በማይቻልበት ትዕይንት ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. በሃላስና በባችለር የተሠራው የካርቱን ፊልም ግን የተቀሩት እንስሳት በአሳማዎቹ ላይ ሲነሡ ያሳያል። ገንዘቡ በስውር ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት መምጣቱ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። አምባገነንነትን ለመንቀፍ የተጻፈ ተረት ራሱ በሌላ ኃይል እጅ መጨረሻው ተለወጠበት።

ለአዋቂዎች በሚቀርቡ የቴሌቪዥን ካርቱኖች ረገድ፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የሚታየው «ሲምፕሰንስ» ለዚህ ማኅበር አባላት ልዩ ትርጉም አለው። የቤቱ አባወራ ሆመር በኑክሊየር ኃይል ማመንጫ ውስጥ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ነውና። በ1990 እ.ኤ.አ. በታየ አንድ ክፍል፣ ከማመንጫው አጠገብ ባለ ውሃ ሦስት ዓይን ያለው ዓሣ ይጠመዳል። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ጉድለቱን ሲዘረዝሩ፣ ባለቤቱ ማመንጫውን ማደስ ትቶ ለአገረ ገዥነት ይወዳደራል። ዓሣው የተፈጥሮ መሻሻል ውጤት ነው እያለም በቴሌቪዥን ያስነግራል። በምርጫው ዋዜማ ግን የሆመር ሚስት ያንኑ ዓሣ ለእራት ታቀርብለታለች፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ምርጫውንም ያጣል። ሰውየው የተፈተነው በገዛ ቃሉ ነው። የትችቱ ብርታት ከስድብ ሳይሆን ከዚህ ፈተና የመጣ ነው።

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ቢጀምርም፣ ካርቱን ለረጅም ጊዜ የልጆች ፈንታ ሆኖ ቆይቷል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የታየው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተመሰገነውም በልጆች ትምህርት ነው። ዛሬ ግን አንድ ወጣት በአንድ ኮምፒዩተር፣ ቀድሞ ብዙ ሠዓልያን የሚጠይቀውን ሥራ ለመሥራት ይችላል። ለአዋቂዎች የሚሆን የካርቱን ትችት መምጣቱ ስለማይቀር፣ ጥያቄው እንዴት ያለ ይሁን የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ በግልጽ ሊነገር ይገባል። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው አነጋገር በፖለቲካው አደባባይ ተዛመተ። አነጋገሩ ሌቦችን ለመንቀፍ ነው ሲባል፣ በአንድ ሕዝብ ላይ የተሰነዘረ ነው ብለው ያዘኑ ብዙዎች ነበሩ። በተረት ውስጥ ጅብ አንድ ጠባይ ነው፤ አድማጩም ያንን ጠባይ በራሱ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ከተረቱ ወጥቶ በሰው ላይ ሲለጠፍ ግን ስም ይሆናል፤ አውሬ የተባለን ሰው መጉዳትም ይቀላል። ስለዚህ ካርቱን ሠሪው ሥራውን ለሕዝብ ከማቅረቡ በፊት፣ አውሬው የሚያመለክተው ሥራን ነው ወይስ ትውልድን ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

በመጨረሻም ወደ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት መመለስ ተገቢ ነው። ተውኔታቸው ከታገደ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ሥልጣንን ለንጉሠ ነገሥቱ ያጠናከረ እንደነበር አይካድም። ሆኖም በአውሬ አፍ የተናገሩት ሰው፣ ጊዜው ሲፈቅድ የመንግሥትን ሥራ በአንቀጽ ለማስፈር ሞክረዋል። ባለሙያም እንዲሁ ነው። በድልድዩ ላይ ስንጥቅ ያየ መሐንዲስ ተረት እንዲነገርለት አይጠብቅም፤ የሚጽፈው ስሙን የፈረመበት ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ግን ሦስት ዓይን ያለው ዓሣ በቴሌቪዥን መታየቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚስቅ ባለሙያ ቢኖር፣ ከሳቁ በኋላ መሳቢያውን ከፍቶ ሪፖርቱን ያውጣ።

አመሰግናለሁ ከማለት ይልቅ ውይይቱ ይቀጥል ማለት ለዚህ ጉባኤ የሚስማማ ነው።