የቅርፊት ጥንዚዛ የትኛውን ጥድ ትመርጣለች?

ለላስታ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ጥድ ከአናቱ ጀምሮ መቅላት ሲጀምር አብዛኛው ሰው «ድርቅ መታው» ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ቅርፊቱን በቢላዋ ገለጥ ብታደርጉት፣ ብዙ ጊዜ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል መቶ እግር የመሰለ ሥዕል ታገኛላችሁ። ይህን የሚቀርጹት ከስንዴ ፍሬ የሚያንሱ የቅርፊት ጥንዚዛዎች ናቸው።

ዕንስቲቱ ቅርፊቱን በስታ ትገባና ቀጥ ያለ መንገድ እየቆፈረች በግራና በቀኝ እንቁላሏን ትደረድራለች። ትሎቹም ሲፈለፈሉ ወደ ጎን እየበሉ ይሄዳሉ። የሚበሉትም ቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደውን ለስላሳ የውስጥ ልጥ ነው። መንገዶቹ ግንዱን ዙሪያውን ከከበቡት ዛፉ አለቀለት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድነው መድኃኒት የለም።

ታዲያ ከብዙ ጥድ መካከል አንዱን እንዴት ለይታ ታገኘዋለች? በጠረኑ ነው። ውሃ የጠማው፣ የተላጠ ወይም አዲስ የተቆረጠ ዛፍ ከጤነኛው የተለየ ጠረን ያወጣል። ጤነኛው ሰርሳሪዋን በሙጫው ይከላከላል፤ የደከመው ግን አቅም የለውም። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ፣ ቀድመው የገቡት ራሳቸው ጠረን እየለቀቁ ባልንጀሮቻቸውን ይጠራሉ።

በአውሮፓ ኤልም የሚባለው ዛፍ ያለቀው በዚሁ ወገን ጥንዚዛ አማካይነት ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1920ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ገዳዩ ሻጋታ መሆኑን ደረሱበት፤ ጥንዚዛዋ ሻጋታውን ከሞተው ዛፍ ተሸክማ የጤነኛውን ቀንበጥ ስትበላ ታስገባበታለች። የጥድ ጥንዚዛዎችም ቀንበጥ ይበላሉ፤ ጫፉ ደርቆ ይንጠለጠላል። ይህ ብቻውን ትልቅ ዛፍ አይገድልምና አትደንግጡ። የሚያስፈራው ግንዱ ሲያዝ ነው።

እንደ እኔ አስተያየት ጥንዚዛዋን ብቻ መክሰስ አይገባም። ለማቀጣጠያ ብለን ቅርፊት እንልጣለን፤ ከሥሩ እሳት እናነዳለን። ከሁሉ የሚከፋው ግን ምሰሶ ቆርጦ ከነቅርፊቱ በቆመው ጥድ አጠገብ መተው ነው። እርሷ እዚያ ተራብታ ወደ ቆመው ትሻገራለች።

ስለዚህ የቆረጣችሁትን ሳይውል ሳያድር ላጡት። ትል ከገባበት ልጡን ከጫካው አርቃችሁ አቃጥሉ። ትሉ ከቅርፊት በታች ስለሆነ ከውጭ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። በግንዱ ላይ ቡናማ ብናኝ ካያችሁ ገና መግባቷ ነው፤ ዛፉ ቀልቶ ትሉ ከበዛበት፣ ጥንዚዛዎቹ ሳይወጡ ቁረጡት። ቅርፊቱ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ውስጡ ባዶ ከሆነ ግን ወጥተው ሄደዋልና እርሱን ትታችሁ ጎረቤቶቹን መርምሩ። እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ያለ የቤተ ክርስቲያን ጥድ ከሆነ መጥረቢያ ከማንሣታችሁ በፊት ለአስተዳዳሪውና ለልማት ሠራተኛው አሳዩ።