ሳይሰሙ መፍረድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ እሥራትና ስለ ሞት ፍርድ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ዘንድሮ ከክፍላችን ልጆች አብዛኞቻችን 18 ዓመት ሞልቶናል። የአገራችን የወንጀል ሕግ ሞት የሚፈረድበት ሰው ወንጀሉን ሲሠራ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት ይላል። እንግዲህ ሕጉ እኛን ከልጆች ቍጥር አውጥቶ ከሙሉ ሰዎች ጋራ ቈጥሮናል ማለት ነው። ነገ ደግሞ ከመካከላችን ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፖሊስ ወይም ምስክር የሚሆን አይጠፋም። ስለዚህ ስለ ቅጣት ምን እንደምናስብ ራሳችንን የምንጠይቅበት ጊዜ አሁን ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት በማደሪያችን ውስጥ የመረዳጃ ሣጥን ነበረን። ከመካከላችን የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ሲኖር ከዚያ እያወጣን እንረዳው ነበር። አንድ ቀን የአንዱ ጓደኛችን እናት ዐርፈው፣ ለጉዞው የሚሆን ገንዘብ ልናወጣለት ሣጥኑን ብንከፍት 900 ብር ጐድሎ ተገኘ። ቍልፉን የሚይዘው ልጅ ቢጠየቅ፣ «እኔ ነኝ የወሰድሁት» ብሎ አመነ። በእግር ኳስ ውርርድ ተበልቶ ኖሯል።

በዚያው ሌሊት ተሰበሰብን። «የሐዘንተኛ ገንዘብ የበላ ይባረር!» የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ ተነሣ፤ ከሦስት ልጆች በቀር የሁላችንም እጅ ወጣ። አንዱማ መባረር ያንሰዋል፣ ለፖሊስ ይሰጥ ቢል አጨበጨብንለት። በዚያ ሌሊት ልጁን ለምን አደረግኸው ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ተረኛው መምህራችን ነገሩን ሰምተው፣ «ወደ ዲሬክተሩ ከመሄዳችሁ በፊት ልጁን አቁማችሁ ጠይቁት፤ የሣጥኑንም መዝገብ አንብቡ» አሉን። እኛም ቅር እያለን ታዘዝን። መዝገቡ ሲነበብ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም 100 ብር፣ ስም ሳይጻፍበት ገቢ ሆኖ ተገኘ። ልጁ የወሰደው 1,200 ብር ነበርና ከኪስ ገንዘቡ እየቈጠበ በድብቅ መመለስ ጀምሮ ኖሯል። ከዚያም እናቱ የሞቱበትን ጓደኛችንን ምን ይደረግ ብለን ጠየቅነው። እርሱም፣ «እርሱ ከትምህርት ቤት ቢወጣ እኔን ምን ይጠቅመኛል? ገንዘቡን ይመልስ፤ ቍልፍ ግን ሁለተኛ አይያዝ» አለን። በሁለተኛው ድምፅ ከግማሽ የምንበልጠው በዚህ ተስማማን። ልጁም ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል፤ ዘንድሮም ከእኛ ጋራ ይመረቃል። ይህንንም የምንናገረው ፈቃዱን ጠይቀን ነው።

ጥፋቱ ከሌሊቱ ይልቅ በጧቱ ቀለለ ለማለት አይደለም፤ ሌብነት ምን ጊዜም ሌብነት ነው። አሁንም ቢሆን መባረር ነበረበት የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ አስተያየታቸውን አንንቅም። ነገር ግን ሌሊት የፈረድነው በሰማነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ እንደ ነበረ፣ ጧት ግን በምናውቀው ሰው ላይ እንደ ፈረድን ሁላችንም ተረድተናል።

ይህ በእኛ ማደሪያ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። በሻይ ቤት፣ በታክሲ ውስጥ፣ በስልካችንም ላይ ስለ አንድ ወንጀል ሁለት መስመር ወሬ ስንሰማ «ይሰቀል!» ወይም «ዕድሜ ልኩን ይማቅቅ!» ማለት የተለመደ ነው። ሕጋችን ጽኑ እሥራትን ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት፣ እጅግ ከባድ ለሆነውም ዕድሜ ልክ አድርጎ ሲደነግግ፣ ብዙ ሰው ዳኞች ይህን ሁሉ ሥልጣን ይዘው ይራራሉ ብሎ ያማል።

ሕዝብ በእውነት ከዳኞች ይልቅ ጨካኝ ነውን? በአውስትራሊያ ታስማንያ በምትባለው ደሴት ይህን ጥያቄ የመረመሩ ሊቃውንት ነበሩ። በዚያ አገር ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት ጁሪ የሚባሉ ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው፤ ቅጣቱን የሚወስነው ግን ዳኛው ነው። መርማሪዎቹ በ138 ክርክሮች የተቀመጡ 698 የጁሪ አባሎችን፣ ዳኛው ቅጣቱን ከመናገሩ በፊት፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትፈርዱ ነበር ብለው ጠየቋቸው። ውጤቱም በፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 ታትሞ ወጣ። ከመቶው 52ቱ ዳኛው ከፈረደው ያነሰ ቅጣት መረጡ። በኋላም የዳኛው ምክንያት ተጽፎ ሲላክላቸው ከመቶው 90ው ቅጣቱ ተገቢ ነው አሉ። የሚያስደንቀው ግን እነዚሁ ሰዎች፣ በአገሩ ስለሚሰጠው ቅጣት በጠቅላላው ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ለግፍ ወንጀል የሚሰጠው ቅጣት ያንሳል ማለታቸው ነው። ስላላዩት ወንጀለኛ ሲጠየቁ ይቈጣሉ፤ ፊቱን አይተው ቃሉን በሰሙት ላይ ሲፈርዱ ግን ያመዛዝናሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጥንት ጊዜ ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር። ደመኞቹ ቢፈልጉ ይገድሉታል፤ ቢፈልጉ ደግሞ የደም ካሳ ተቀብለው ይምሩታል። በዚያን ጊዜ እንኳ ሽማግሌዎችና ካህናት መካከል ገብተው ካሳውን ተቀበሉ ብለው ይለምኑ ነበር። ቍጣና ምሕረት በአገራችን አብረው የኖሩ ናቸውና ምሕረት ከውጭ አገር የመጣ ትምህርት ነው የሚለውን አንቀበልም።

የ1949 ዓ. ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሞትን ቅጣት ይዞ ወጣ፤ ለአንዳንድ ሌብነትም ግርፋትን ይፈቅድ ነበር። የ1996 ዓ. ም. ሕግ ግርፋትን አስቀረ። ሞትን ግን አላስቀረም፤ በሕዝብ ፊት በስቅላት እንዳይፈጸም ከለከለ፣ ርእሰ ብሔሩም ካላጸደቁት እንዳይፈጸም አዘዘ። አያቶቻችን በአደባባይ የሚያዩትን ነገር የዛሬው ሕግ ለዓይን እንኳ አልፈቀደውም። የሰው አስተያየት ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሳይሰሙ መፍረድ ምን እንደሚመስል ለማየት ወላጆቻችንና አያቶቻችን ወደሚያስታውሱት ዘመን መመለስ ይበቃል። ለውጡ ያለ ደም ነው ሲባል ቈይቶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ. ም. ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ቤት በጥይት አስገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ከዚያ ሌሊት በኋላ የፈሰሰውን ደም በዚህ አጭር ንግግር ዘርዝረን አንጨርሰውም።

የደርግ ባለሥልጣኖች በተራቸው ሲከሰሱ ግን ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክርክሩ በታኅሣሥ 1987 ዓ. ም. ተጀምሮ ጥፋተኛ የተባሉት በታኅሣሥ 1999 ዓ. ም. ነው። ሌላውን አንድ ቀን እንኳ ሳይሰሙ የገደሉ ሰዎች 12 ዓመት ተሰሙ። በመጀመሪያ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በ2000 ዓ. ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት በብዙዎቹ ላይ ወደ ሞት ከፍ አደረገው፤ በ2003 ዓ. ም. ደግሞ የሃይማኖት አባቶች ምሕረት ለምነው የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለወጠ። ከሟቾች ቤተሰብ በዚህ ያዘኑ ነበሩ፤ ልጇ ወጥቶ የቀረባትን እናት ለምን ታዝኛለሽ የሚል አፍ የለንም። ነገር ግን አገሪቱ ለመግደል ከማንኛውም ጊዜ የበለጠ ምክንያት በነበራት ጊዜ አለመግደልን መረጠች። ይህን እኛ እንደ ድካም አንቈጥረውም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ፍርድ ቤቱ ሰምቶም ቢሳሳትስ? በለንደን ቲሞቲ ኤቫንስ የሚባል የ25 ዓመት ሰው ሕፃን ልጁን ገድሏል ተብሎ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1950 ተሰቀለ። እርሱ ግን ገዳዩ ከእኛ ጋራ በአንድ ቤት የሚኖረው ክሪስቲ ነው ብሎ ነበር፤ ክሪስቲም በኤቫንስ ላይ ከመሰከሩት ዋናው ነበር። በ1953 የብዙ ሴቶች ሬሳ በዚያ ቤት ተገኘና ክሪስቲ ነፍሰ ገዳይ መሆኑ ታወቀ። ለኤቫንስ በ1966 ምሕረት ተደረገለት፤ ከተሰቀለ 16 ዓመት አልፎት ነበር። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የታሠረ ሰው ንጋቱን ሊጠብቅ ይችላል፤ የተሰቀለ ግን አይጠብቅም።

እንግሊዝ ለነፍስ ግድያ የሞትን ቅጣት በ1965 ለሙከራ አቁማ በ1969 ለሁልጊዜ አስቀረችው። የሕዝቡ ብዛት ግን ገና ስቅላትን ይደግፍ ነበር። በአንድ የታወቀ ጥናት የደጋፊው ቍጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች፣ ወደ 48 ከመቶ፣ የወረደው በ2014 ነው። እንግዲህ ልብ ከሕግ በስተኋላ ቀስ ብሎ ይመጣልና፣ ሕዝቡ ገና አልተዘጋጀም ብሎ ብቻ ነገሩን መተው አይገባም።

ወንጀለኛ አይቀጣ አንልም። የተበደለ ሰው ፍርድ ካላገኘ ራሱ ወደ በቀል ይሄዳል፤ ይህም ለአገር አይበጅም። የእኛ አሳብ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሞትን ከሕጋችን ብናወጣው ይሻላል፤ በአገራችን በፍርድ ቤት የተወሰነ የሞት ቅጣት ከ1999 ዓ. ም. ወዲህ መፈጸሙ አልተሰማምና በሥራ የተውነውን በጽሑፍም ብንተው አይከብደንም። ሁለተኛው ሕግ አውጪ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ይኸውም ማናችንም ጠይቀን ሳንረዳ እጃችንን እንዳናወጣ ነው።

በሶስና ታሪክ ጉባኤው ሁሉ ሞት ይገባታል ብሎ ከፈረደ በኋላ፣ ሁለቱን ምስክሮች ለየብቻ እንጠይቅ ያለው ዳንኤል ገና ወጣት ነበረ። በዚያ ሌሊት በማደሪያችን እጃቸውን ያላወጡት ሦስት ልጆችም ዛሬ በዚህ አዳራሽ አሉ። ያን ጊዜ ፈሪዎች ብለን ሰደብናቸው። ዛሬ በወላጆቻችንና በመምህራኖቻችን ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።