ሰላምታችንን ማን አሳጠረው?

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! በሞባይል የመጣልንን መልእክት ስንከፍት መጀመሪያ የምናገኘው ምንድን ነው? «አሰ.ወ.ወ»፤ አንዳንዴም «አሰ» ብቻ። እኛም በሁለት ሆሄ መልሰን እናልፋለን።

ነገሩ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። አንድ የሞባይል አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160፣ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል። ሙሉው ሰላምታ በአማርኛ ፊደል፣ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ተቆጥሮ፣ 25 ይወስዳል። ከሲሶ በላይ ነው! ሒሳቡ የሚቆረጠው ደግሞ በመልእክት ቁጥር ነበር። ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ስልኮች የእኛን ፊደል ጭራሽ ስለማያውቁም ሰላምታው በላቲን ተነባቢዎች እየተጨመቀ ይጻፍ ጀመር።

ዛሬ በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ ሆሄ ቆጥሮ የሚያስከፍለን የለም። ልማዱ ግን ቀረ።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም» ላለው ሰው ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ዐሥር፣ «ወረሕመቱላህ» ለጨመረው ሃያ፣ «ወበረካቱህ» ላከለው ሠላሳ ብለዋል። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 86 ደግሞ ሰላምታ ሲቀርብልን ከእርሱ በተሻለ ወይም በመሰሉ እንድንመልስ ታዘናል። ታዲያ የ«አሰ» መሰሉ ምን ይሆን?

በ643 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ኢብኑ ሰላሕ፣ ሁሉም ነገር በእጅ በሚጻፍበት ዘመን፣ የሐዲስ ጸሐፊዎች በነቢዩ ላይ የሚወርደውን ሰለዋት በሁለት ፊደል እንዳያሳጥሩት አስጠንቅቀው ነበር። (ይህ ንግግር ሲታተም በቅንፍ እንዳይታጠር እኛም አዘጋጆቹን አደራ ብለናል።)

ከሞባይል በፊት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በሰው እጅ ይልኩ ነበር። ካሴቱ ሰላምታውን አልቆረጠውም። እናት ቴፑ ፊት ተቀምጠው «ወዐለይኪ ሰላም፣ ልጄ!» እያሉ ይመልሱ ነበር። የዛሬዋ እናት ግን፣ ፊደል ካልቆጠሩ፣ መልእክቱን የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። እርሱም «አሰ» የሚለውን ዘሎ ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ይገባል። የልጃቸው ዱዓ ሳይደርሳቸው ቀረ ማለት ነው።

ኢማም አን-ነወዊ «አል-አዝካር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ በደብዳቤ የመጣ ሰላምታ ልክ እንደደረሰ ሊመለስ እንደሚገባ ጽፈዋል። በአንደበት «ወዐለይከ ሰላም» ለማለት ስልክ መጫን አያስፈልግም። ለእናቱ ሙሉውን ለመጻፍ ጣቱ የሰነፈ ደግሞ የድምፅ መቅጃዋን ምልክት ተጭኖ ይናገር፤ አራት ሰከንድ ቢወስድበት ነው።

እስከ ሳምንት፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።