ስምና ቁልፍ፤ ስለ ማንነት ስርቆት ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር



በሌላ ሰው ስም ተሰውሮ ጥቅም ማግኘት የዘመኑ ፈጠራ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት እንደሚነበበው፣ ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ እጁንና አንገቱን በጠቦት ቆዳ ሸፍኖ በአባቱ ፊት በቀረበ ጊዜ፣ ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ድምፁን ተጠራጥሮ ነበር፤ ነገር ግን እጁን ዳስሶ ያገኘውን ምልክት አምኖ መረቀው። ኋላም እውነተኛው ባለመብት መጥቶ ሲያለቅስ ምርቃቱ የሚመለስ ሆኖ አልተገኘም። ዛሬ የማንነት ስርቆት የሚባለው ነገር በመሠረቱ ከዚህ አይለይም።

የተለወጠው የድካሙ መጠን ነው። የቀበሌ መታወቂያ አስመስሎ ለመሥራት የፈለገ ሰው ማኅተም የሚቀርጽለት መፈለግ፣ ፎቶግራፍ መለጠፍ፣ ከዚያም በመስኮቱ ፊት ቆሞ የጸሐፊውን ዓይን መቋቋም ነበረበት። ጸሐፊው የሰፈሩ ሰው ከሆነማ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከማኅተሙ የበረታ ፈተና ነበር። ይህ ሁሉ ተደክሞም የሚሰረቀው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። ኮምፒዩተርና የመገናኛ መስመር ከመጡ በኋላ ግን መቅዳት ያለ ዋጋ ሆነ፤ ፊት ለፊት መቆምም ቀረ። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ፍርድን ማጓደል ነው። መሣሪያው ያሰፋው ከእሱ በፊት የነበረን ስሕተት ነውና፤ ይኸውም ስምን እንደ ቁልፍ መቁጠር ነው። ስም ሰውን ከሰው ለመለየት በየአደባባዩ የሚነገርና የሚጻፍ ነው፤ ቁልፍ ግን ባለቤቱ ብቻ የሚይዘው፣ ሲጠፋም የሚለወጥ ነው።

ይህ ስሕተት እንዴት ሥር እንደሚሰድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው በአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ላይ የደረሰው ነው። (ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ በ1936 መታደል ሲጀምር ዓላማው የሠራተኛውን ደመወዝ ለጡረታ መመዝገብ ብቻ ነበር። በ1938 በኒው ዮርክ ግዛት በሎክፖርት ከተማ የሚገኝ አንድ የኪስ ቦርሳ ፋብሪካ፣ ካርዱ በቦርሳው ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ለገዢ ለማሳየት ሲል የናሙና ካርድ አሳተመ። በካርዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ግን የፋብሪካው ጸሐፊ የሆነች ሴት እውነተኛ ቁጥር ነበር። ካርዱ ከእውነተኛው በግማሽ ያነሰ፣ በቀይ ቀለም የታተመና ናሙና መሆኑ በትልቁ የተጻፈበት ቢሆንም፣ ብዙ ገዢዎች ቁጥሩን የራሳቸው አድርገው ወሰዱት። በ1943 በዚህ በአንድ ቁጥር የሚጠቀሙ 5,755 ሰዎች ተገኙ፤ በጠቅላላው ከ40,000 በላይ ሰዎች እንደ ተጠቀሙበት ይነገራል፤ በ1977 እንኳ ያልተዉት 12 ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሌቦች አልነበሩም። ማንም ያልጠየቀውን ቁጥር ማንም ሊናገረው እንደሚችል ግን ሳያስቡት አሳዩ።

መንግሥቱም ነገሩን አልሳተም። ከ1946 ጀምሮ በታተሙት ካርዶች ግርጌ ካርዱ ለመታወቂያነት እንደማያገለግል ተጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ በ1972 ቀረ። በዚያን ጊዜ ባንኩም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ሆስፒታሉም ደንበኛውን በዚሁ ቁጥር መዝግቦ ነበር። ከዚያም አልፎ፣ ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ ባለቤቱ ነው የሚል ልማድ ተተከለ። በ2009 ሁለት የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድን ሰው የትውልድ ቦታና ቀን ከያዙ ቁጥሩን በግምት መቅረብ እንደሚቻል አሳዩ፤ የአሰጣጡ ሥርዓት ቦታንና ጊዜን ይከተል ነበርና። ከ2011 ጀምሮ አሰጣጡ በዕጣ መልክ ሆነ። ነገር ግን በ2017 ኢኩዊፋክስ የተባለው የብድር ታሪክ መዝጋቢ ኩባንያ ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስም፣ የልደት ቀንና ይኸው ቁጥር ተወሰደ። የተገባበት የሶፍትዌር ቀዳዳ መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ኩባንያው ግን አልደፈነውም። ስማቸው የተወሰደባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከኩባንያው ጋር አንዳች ውል ኖሯቸው አያውቅም፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩን በሌላ ገጽታው ያውቁታል። የአሜሪካ ባንኮች የእናትን የልጅነት የቤተሰብ ስም እንደ ምስጢር ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ሴት ስታገባ የአባቷ ስም ይሸፈናል ከሚል ግምት የተነሣ ነው። ኢትዮጵያዊት እናት ግን አግብታም በአባቷ ስም እንደ ተጠራች ትኖራለች፤ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ስም ምስጢር ሆኖ ሊያገለግል አይችልም። ከስደት ለመጡት ብዙዎች ደግሞ የልደት ቀናቸው ባለመታወቁ ጃኑዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቦላቸዋል። በአንድ ቀን የተወለደ ሕዝብ በልደት ቀኑ ይለያል ማለት ዘበት ነው።

እንግዲህ ምስጢሩ ሁሉ የታወቀ ከሆነ ሌላ ቁልፍ ይፈለጋል። መጀመሪያ የተመረጠው የእጅ ስልክ ነበር፤ ባንኩ በአጭር መልእክት ቁጥር ይልካል፣ ደንበኛው ያንን መልሶ ያስገባል። ይህ የደንበኛውን ቁልፍ ለስልክ ድርጅቱ ሠራተኛ አደራ መስጠት ነው፤ አታላዩ ሲም ካርዴ ጠፋብኝ ብሎ በሌላው ስልክ ቁጥር ምትክ ካርድ ካወጣ ቁልፉ በእጁ ይገባል። በ2019 የትዊተር ዋና ሥራ አስኪያጅ ራሱ በዚህ ዘዴ ሒሳቡ ተወስዶበታል። በአገራችን ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ፤ የባንክ ሠራተኛ መስሎ ደውሎ «አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ማለት ይበቃል። ድምፅና መልክም ቢሆኑ ምስክር መሆናቸው እየቀረ ነው። በ2024 መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ የአሩፕ የምሕንድስና ድርጅት ሠራተኛ በምስል ስብሰባ ላይ የድርጅቱን የፋይናንስ ኃላፊና የሥራ ባልደረቦቹን አይቶ፣ ታዝዣለሁ ብሎ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ያህል አስተላለፈ። በስብሰባው የታዩት ሰዎች ሁሉ በኮምፒዩተር የተቀነባበሩ ነበሩ።

ስለዚህ ብዙዎች ተስፋቸውን በጣት አሻራ ላይ ጥለዋል። አሻራ ግን ሰው በነካው ብርጭቆ ሁሉ የሚተወው ነገር ነው። በ2002 የዮኮሃማው ፕሮፌሰር ማትሱሞቶ በጄላቲን፣ ማለትም ለጣፋጭ ምግብ በሚያገለግል ነገር፣ የሠራውን ጣት የገበያ አንባቢ መሣሪያዎች ተቀበሉት። በ2014 የጀርመን የኬኦስ ኮምፒዩተር ክለብ አባል የአገሩን የመከላከያ ሚኒስትር የአውራ ጣት አሻራ ከጋዜጣዊ መግለጫ ፎቶግራፍ ላይ አወጣ። በ2015 ከአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ የተሰረቀው የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ ነው። የይለፍ ቃሉ የተሰረቀበት ሰው ሌላ ይመርጣል፤ አሻራው የተሰረቀበት ምን ይመርጥ? አሻራ በደንብ የተመረመረ ስም ነው ቢባል ይቀላል። በጥበቃ ሠራተኛ ፊት፣ ሐሰተኛውን ጣት በሚለይ መሣሪያ ሲነበብ ብዙ ይጠቅማል፤ በሩቅ፣ ማንም በማያይበት ቦታ ግን ተራ አኃዝ ሆኖ የሚተላለፍ ነው።

ይህ ሁሉ በአሁኑ ሰዓት ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ምዝገባ የአሥሩን ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች ምስልና ፊትን ወስዶ ለተመዝጋቢው 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ ስለ ግል መረጃ ጥበቃም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ምዝገባው የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ስም የሌለው ሰው መብት መጠየቅ አይችልምና። የሚያሠጋው ሎክፖርት የተፈጸመው በእኛም መስኮቶች መደገሙ ነው፤ የመታወቂያው ፎቶኮፒ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሲከማች፣ ፎቶኮፒውን የያዘ ሁሉ እንደ ባለቤቱ ሊቆጠር ይችላል።

ለዚህ የሚሆነው አሠራር የታወቀ ነው። ሒሳብ የሚከፍተው ባንክ ቁጥሩንም አሻራውንም ማስቀመጥ አያስፈልገውም፤ ደንበኛው ፊቱ ቆሞ ሳለ «ይህ ሰው ነው?» ብሎ ማዕከሉን ይጠይቃል፣ «ነው» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ በፊርማ ታሽጎ ይመጣለታል። ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ምትክ ቁጥር የተለያየ ከሆነ ደግሞ ከአንዱ መዝገብ የተሰረቀው በሌላው አያገለግልም። ሕንድ ለአድሀር ቁጥሯ የሚለዋወጥ ምትክ ቁጥር የፈቀደችው በ2018 ነው፤ ምዝገባው ከተጀመረ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ዋናው ቁጥር በየሱቁ ደብተር ከተጻፈ ወዲያ።