ሩዙ አልበስል ያለ ዕለት



በቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ላይ ድስት ሲያር፣ ባለሙያ ነኝ ባይ ሲያፍር አይተን ያልሳቅን የለንም። ዛሬ ግን ስቀን ኋላ ስላፈርንበት የራሳችን ቤት ወግ እናጫውታችኋለን።

ነገሩ የሆነው ደባርቅ ነው። የወንድማችን ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመለሰች። ለዒድ ከዳባት ዘመዶች መጡ። «ዛሬ ማጀቱን ለእኔ ተዉልኝ» አለችና ከብሳ የተባለውን የዐረቦች ሩዝ በበግ ሥጋ ሠራች። እንደለመደችው ውሃውን ለክታ፣ ሰዓቱን ቆጥራ አወረደች። ሩዙ ከሥር አሯል፤ ከላይ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንዱማ «ዐረብ አገር የተማርሽው ጥሬ ማቅረብ ነው?» አላት። ልጅቷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኛ ሥጋውን ለቅመን በገብስ እንጀራ በላንና ጨዋታችንን ቀጠልን።

ጥፋቱ የማን ነበር? ጅዳ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ደባርቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አላት፤ እዚህ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳት ብንጨምር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። መላው ሩዙን አስቀድሞ መዘፍዘፍ፣ ውሃ መጨመር፣ ክዳኑን ገጥሞ በቀስታ እሳት ማቆየት ነው። ልጅቷ ሙያ አላነሳትም፤ አገሩ ነው የተለየው።

የምግብ ልማድም እንዲሁ ነው። ሳዑዲዎች ቡናውን ለጋ ቆልተው፣ ሄል ጨምረው፣ ያለ ስኳር በተምር ይጠጣሉ፤ እኛ አጥቁረን እንቆላለን። ለእነርሱ የግመል ሥጋ የታወቀ ነው፤ ከሰሜን ደጋ ሰው ብዙው አልቀመሰውም። ያልለመድነው ሁሉ ግን ሐራም አይደለም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ በእናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደብ የተባለ የበረሃ እንሽላሊት ጥብስ ቀረበ። ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም መሆኑን ጠየቃቸው። ሐራም አለመሆኑን፣ በወገኖቻቸው አገር ስለሌለ ብቻ ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ገለጹለት። ኻሊድ እያዩት በላ። ረሱል ምግብን አያነውሩም ነበር፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዉታል።

እኛ ግን ምግቡን ብቻ ሳይሆን ሠሪዋንም አነወርን። ስንት ዓመት ለሰው ስታበስል ኖራ፣ ለወገኖቿ ባበሰለችበት የመጀመሪያ ቀን አስለቀስናት።

በኋላ አክስታችን ጠርተው «ልጄ፣ ያንን ሩዝ እስቲ ድገሚው፤ እኔም ልማር» አሏት። ዘፍዝፋ፣ ጊዜ ሰጥታ ሠራችው፤ በሰለ። አክስታችን ቀምሰው «እኔ ከእንጀራዬ አልለይም፤ እጅሽን ግን አላህ ይባርከው» አሉ። ያን ዕለት ከልቧ ሳቀች።

አድማጮቻችን፣ ከስደት የሚመለሱ ልጆቻችንን ስንቀበል ምላሳችንን እንጠብቅ። አላህ ማዕዳችንን በረካ ያድርግልን፤ ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።