መጀመሪያ አንቴና ወይስ ማጉያ?

ሴት፦ በቤት የተሠራ የራዲዮ ማጉያ፣ ያውም ባለ ቫኪዩም ቲዩብ! በዚህ ዘመን ማን ይለፋበታል?

ወንድ፦ አማተር ራዲዮኞች ናቸዋ! ሁለት 811ኤ ቲዩቦች የ100 ዋት ምልክትን ወደ 400 ዋት ገደማ ያሳድጋሉ።

ሴት፦ ማስተካከሉስ? ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው?

ወንድ፦ ብቻ አትበይ። መጀመሪያ በአንቴናው ፈንታ ኃይሉን የሚችል ባለ 50 ኦም የሙከራ ጭነት ይገጠማል። በአነስተኛ ኃይል ጀምረሽ በቲዩቡ ፕሌት (አኖድ) በኩል ያለውን ካፓሲተር ስታዞሪ የፕሌት ከረንቱ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ላይ፣ ማለትም ሬዞናንሱ ላይ፣ ትቆሚያለሽ። በመውጫው በኩል ያለውን የጭነት ካፓሲተር ትንሽ ስትከፍቺ ከረንቱ ይወጣል፤ ተመልሰሽ ዝቅታውን ትፈልጊያለሽ።

ሴት፦ እስከ መቼ?

ወንድ፦ የሚወጣው ኃይል መጨመሩን እስኪያቆም። ግን ቶሎ ቶሎ ነው፤ ሳይስተካከል ከቆየ ፕሌቱ ይግላል፣ ቲዩቡም ይጎዳል።

ሴት፦ እኔን የሚያስፈራኝ ቮልቴጁ ነው። 1500 ቮልት እኮ ሰው ይገድላል!

ወንድ፦ ማጉያው ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ከሶኬት ነቅሎ፣ ቻርጁ እስኪፈስ ጠብቆ፣ ዜሮ መሆኑን በቮልት መለኪያ ሳያረጋግጡ እጅ ማስገባት የለም።

ሴት፦ ታዲያ ያዋጣል? ከ100 ወደ 400 ዋት ማደግ 6 ዴሲቤል ነው፤ በተቀባዩ የሲግናል መለኪያ አንድ እርከን ብቻ። ጥሩ አንቴና ይህን በርካሽ ይሰጣል።

ወንድ፦ ለኃይሉ ከሆነ ልክ ነሽ። ራሱን የሚያስተካክል ዘመናዊ ማጉያ ግን ሬዞናንስን በእጅሽ አያስዳስስሽም።

ሴት፦ እንግዲያው አንቴናው ይቅደም፤ ማጉያው መማር ለሚፈልግ ይሁን።