ቤታችንን ከእሳት ስለ መጠበቅ



ዛሬ ስለ እሳት እንነጋገራለን። መካነ ሰላምና ዙሪያው ደጋ ስለ ሆነ ማታ ብርዱ ይጠናል። ስለዚህ ምድጃው ከመኻል ቤት፣ ልጆቹም ከምድጃው ዙሪያ ናቸው። እንጀራችንን የሚጋግርልን፣ የሚያሞቀን እሳት ነው፤ ቤት የሚያወድመው፣ ልጅ የሚያሳጣንም ይኸው እሳት ነው። ቃጠሎ ሲደርስ ድንገተኛ መዓት ነው እንላለን፤ ነገር ግን አደጋው ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ቤት ስንሠራና ምድጃ ስንተክል ነው። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ አዲስ ቤት የምትሠሩ ሁሉ ማብሰያውን ከመኝታው ለዩት። በምድጃው አጠገብ ያለው የእንጨት ግድግዳ በጭቃ ደኅና ተደርጎ ይመረግ። ለሣር ክዳን አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ለጎረቤት ይተርፋል። ስለዚህ በቤትና በቤት መካከል ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይተው፤ የጭድ ክምር፣ ኩበትና ጭራሮ ከግድግዳ አይጠጋ። የቤቶች መጠጋጋት የሚያመጣው ጉዳት በዋና ከተማችንም ታይቷል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሱቆቹ ስለ ተጠጋጉ፣ መንገዱም ስለ ጠበበ ለማጥፋት ብዙ ሰዓት ፈጀ። ያውም የእሳት አደጋ መኪና ባለበት ከተማ ነው። በገጠር ግን ቤት ሲነድ ደራሹ ጎረቤት ነው፤ ውሃውም ከምንጭ የሚቀዳ ነው።

በሩም ይታሰብበት። ከብት በመኝታና በበር መካከል ከታሰረ በሌሊት መውጫ ይጠፋል። ልጆችን ከውጭ ቆልፎ ገበያ መሄድ ከቶ አይገባም።

ምድጃውን በድንጋይና በጭቃ ከመሬት ከፍ ብናደርገው የሚድኽ ሕፃን አይወድቅበትም። የተዳፈነ እሳት የጠፋ እሳት አለመሆኑንም አንርሳ። ኩራዝ እየበራ ላምባ አይጨመርበት። ላምባ ከተቀጣጠለ ውሃ ሳይሆን አፈር ይደፋበት። ከሰል አንድደን ቤቱን ዘግተን አንተኛ፤ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለውና እንደ ተኛን ይገድለናል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ «የነካው ይይዘዋል» ተብሎ ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። በሽታው በመንካት አይተላለፍም፤ ሳንፈራ ፈጥነን እናውጣው። መድኃኒት ስላለው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ ምድጃ ዘንድም ብቻውን አንተወው።

ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ ሩጫ እሳቱን ያባብሰዋል። መሬት ላይ ይንከባለል፤ ወይም በጋቢ ጠቅልለን እሳቱን እናፍነው። ከዚያ በኋላ በተቃጠለው ገላ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እናፍስስ፤ የቀረው ገላው ግን እንዳይበርደው ይሸፈን። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና አንቀባ። እበትማ መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል። ውሃ የቋጠረውን አናፍርጥ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል እናድርስ።

እናቶች ሆይ፤ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድንጋይ፣ ጭቃና ጥቂት ጉልበት ይበቃል። ዛሬ ማታ ቤት ስንገባ ሁለት ነገር እንይ፦ ምድጃው ከልጁ መኝታ ስንት ክንድ ይርቃል? ቤቱ በሌሊት ጢስ ቢሞላስ ሁላችንም በሩን እናገኘዋለን? መልሱ ካላስደሰተን ነገ ጠዋት ሥራ እንጀምር።